የታሪክ ኮርሱ እንግሊዝኛ አላስኬድ አለኝ፤ ድሮፕ ላድርገው?

ገና ፍሬሽ፦
ሰላም ቤተሰብ። አሜሪካ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ሜጀሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ግን የግድ ከሚወሰዱት ውስጥ ይቀለኛል ብዬ ከ1865 ወዲህ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ መረጥኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፣ ቶፍልም አልፌያለሁ፣ ካልኩለስ ላይ ምንም አልቸገረኝም። እዚህ ግን በሳምንት 80 ገጽ አንብቡ ይሉናል። እኔ አሥር ገጽ ሳልጨርስ ሌላው ልጅ ጨርሶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

የባሰው ኤሴዩ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ስለነበረው ደቡብ ጻፉ ተባልን። መጽሐፉ ላይ "ሪደምፕሽን" የሚል ቃል አለ። እኔ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ሪደምፕሽን ማለት መዳን፣ ቤዛነት አይደል? ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች በቃ እፎይ አሉ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ለካ ተቃራኒው ነው! መምህሩ 62 ሰጠኝ። ወረቀቱ ዳር ላይ ደግሞ አምስት ቦታ በቀይ "በማን?" "በማን?" ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፣ ሄጄ ልጠይቀውም አፈርኩ። እርዳታ የሚገኝበት ቦታ አለ ወይስ ልተወው?

የቀይ እስክሪብቶ ባለቤት፦
ወንድሜ፣ እኔ የታሪክ ቲኤ (የመምህር ረዳት) ነኝ፣ ያንን "በማን?" የምጽፈው እኔው ነኝ (ያንተ ላይ አይደለም ተስፋ አደርጋለሁ 😅)።

መጀመሪያ፣ ኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ላይ ከሆንክ ዝም ብለህ ድሮፕ እንዳታደርግ። ክሬዲትህ ከ12 በታች ከወረደ ጣጣ አለው። የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ሳትጠይቅ ምንም አትንካ።

ሁለተኛ፣ "ጥቁሮች እንዳይመርጡ ተደረገ" ብለህ ጽፈህ ይሆናል። በአማርኛ ምንም አይልም፤ "ተደረገ"፣ "ተባለ"፣ "ተወሰነ" እያልን ነው ያደግነው፣ ዜናውም እንደዚያ ነው። የታሪክ መምህር ግን አድራጊውን ነው የሚፈልገው። ማን ከለከላቸው? የ1890ው የሚሲሲፒ ሕገ መንግሥት ነው፣ ለመምረጥ በሚከፈለው ግብርና በንባብ ፈተናው? ወይስ ማታ በፈረስ የመጣ የታጠቀ ሰው? ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ "ተደረገ" ስትል ግን ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ የሰዋስው እርማት እንዳይመስልህ፣ ታሪኩን ነው የጠየቀህ።

ሪደምፕሽን ላይ ብቻህን አይደለህም። ሥልጣን መልሰው የያዙት የደቡብ ነጮች ለራሳቸው ያወጡት ስም ነው፤ "አዳኞች ነን" አሉ፣ በ1877 የመጨረሻዎቹ የሪፐብሊካን አስተዳደሮች ሲወድቁ ተሳካላቸው። አንድ ዘዴ ልንገርህ። ዓረፍተ ነገር መሀል በትልቅ ፊደል የተጀመረ ተራ ቃል ካየህ ቁም፤ ስም ነው፣ ዲክሽነሪው አይረዳህም። ሪኮንስትራክሽንም እንደዚያው ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ደቡብን መልሰው ያቋቋሙበት ዘመን ስም ነው እንጂ ሕንፃ ግንባታ አይደለም። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ዘሎት ያልፋል።

ሎሚናት፦
ራይቲንግ ሴንተር (ጽሑፍ ላይ የሚያግዙበት ቢሮ) ሂድ፣ ነፃ ነው። ግን ወረቀቱን ጥለህ "አርሙልኝ" እንዳትል፣ አያርሙም፤ እኔ መጀመሪያ ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት። የጥያቄውን ወረቀት ይዘህ፣ ማስረከቢያው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሂድ። ልጅቷ ኤሴዬን ጮክ ብላ ስታነብልኝ የቱ ጋ እንደምትደናቀፍ እሰማ ነበር፣ ያንን ቦታ ነው ያስተካከልኩት።

ጮክ ብሎ ማንበብ ካልን፣ ከ1936 እስከ 1938 የተሰበሰበው በባርነት የኖሩ ሰዎች ቃል ሊመጣብህ ይችላል። ብዙው አነጋገራቸውን ለማስመሰል በተጣመመ ስፔሊንግ ነው የተጻፈው፣ "ዛት" የሚለው "ዳት" ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ ግማሽ ሰዓት ዲክሽነሪ ሳገላብጥ ቆይቼ በድምፅ ሳነበው ገባኝ። ያለቀስኩትም ያኔ ነው፣ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ጋሽ ዲሲ፦
እኔ የተማርኩት ጎግል ሳይኖር ነው፣ ስለዚህ ምክሬ ያረጀ ይሆናል። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፈው ልጄ፣ ሐሳቡ ይጥራልሃል፣ ከዚያ ገልብጠው። ዓመተ ምሕረት ላይ ግን ተጠንቀቅ! ባቡር ላይ ጥቁርና ነጭን መለየት ሕጋዊ ነው ስላለው የፕሌሲ ፍርድ ስጽፍ፣ አድዋም በዚያው ዓመት ነው ብዬ በኩራት አስገባሁና ቀጥሎ 1888 ብዬ ጻፍኩ። ፍርዱ 1896 ነው። ፕሮፌሰሩ "ስምንቱ ዓመት የት ገባ?" አለኝ።

የቀይ እስክሪብቶ ባለቤት፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህኛው አልስማማም። በአማርኛ ከጻፈው ያንኑ "ተደረገ" ገልብጦ ነው የሚመጣው። በአማርኛ ያስብ፣ ለጓደኛው ያውራ፣ ጽሑፉን ግን በእንግሊዝኛ ይጀምር፣ አጭር አጭር አድርጎ። በማሽን ማስተርጎም የሚከለክል መምህርም አለ፣ ሲላበሱን እይ።

ጋሽ ዲሲ፦
እሺ ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ለኔ ግን ሠርቶልኛል።

ገና ፍሬሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት መምህሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ኦፊስ አወር ሄድኩ። ሰውየው ብቻውን ቁጭ ብሎ ብርቱካን እየላጠ ነበር፣ ከኔ በቀር ማንም አልመጣም። እንደገና ጽፈህ አምጣ አለኝ። ለሐሙስ 10 ሰዓት (በእነሱ 4) ራይቲንግ ሴንተር ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። "ግራንድፋዘር ክሎዝ" የሚልም አየሁ። እሱስ በእውነት ስለ አያት ነው ወይስ ይሄም ሌላ ነገር ነው?

የቀይ እስክሪብቶ ባለቤት፦
😂 ይሄኛው እንኳን የምር አያት ነው። በ1898 ሉዊዚያና አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መምረጥ ይችል የነበረ ሰው የንባብ ፈተናው ይቅርለት አለች። አሁን ራስህን ጠይቅ፣ የማን አያት?