አልጫ የበላሁባቸው የማሺኮ ሰሃኖች ቢጫ መስመር አወጡ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ቶቺጊ)
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። እዚህ ጃፓን ማሺኮ ከምትባለው የሸክላ ከተማ የፀደይ ገበያ አራት ሰሃንና ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ገዛሁ፤ ሁሉም የእጅ ሥራ ናቸው። ለጌጥ አይደለም፣ በየቀኑ ልበላባቸው ነው። ግማሾቹ ቡናማ፣ ግማሾቹ ወተት የመሰለ ነጭ ቅብ (መስታወት መሰል ልባስ) አላቸው። ነጮቹ ላይ አልጫ ካቀረብኩ በኋላ ፀጉር የሚያካክሉ ቢጫ መስመሮች ብቅ አሉ። አንዱ ጎድጓዳ ሾርባ ሲቆይበት ጠረጴዛው ላይ የእርጥበት ክብ ይተዋል፤ መቀመጫውም እንጨቱን ቧጭሮታል። የተሰነጠቀ ሸጠውልኝ ይሆን? ማይክሮዌቭ ውስጥስ ይገባሉ? ለጊዜው በበረኪና ልዘፈዝፋቸው ነው።

ሸክላ ወዳጅ (ኪዮቶ)
እህቴ፣ በረኪናውን መልሰሽ አስቀምጪ! ሸክላው መጥጦ ያስቀረዋል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። መስመሮቹ ብልሽት አይደሉም። ዕቃው ከምድጃ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ቅቡ ከጭቃው ይበልጥ ከተኮማተረ እንዲህ ይሆናል። ጃፓኖች «ካንኒዩ» ይሉታል፣ ለውበቱ ብለው ሆን ብለው የሚያወጡትም አሉ። በጥፍርሽ ዳብሺው። ጥፍር ካልያዘ ቅቡ ላይ ብቻ ነው። ጥፍር ከያዘና ስታንኳኪው እንደ ገል ካንቋረረ ግን ሸክላው ራሱ ተሰንጥቋል።

ማይክሮዌቭ ይቅርብሽ። የመጠጠው ውሃ ውስጥ ለውስጥ ሲግል ሊሰነጥቀው ይችላል።

የጓዳዋ
ሳታሟሺ ነው እንዴ አልጫ ያቀረብሽበት? ምጣድ ገዝተሽ ሳታሟሺ ትጋግሪበታለሽ? ይሄም ያው ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፊና ሰሃኖቹን ደርድሪ፣ ከዚያ እስኪዋጡ ድረስ የሩዝ እጣቢ ጨምሪ። እጣቢ ከሌለሽ ውሃ ላይ ትንሽ ዱቄት በጥብጪበት። ከቀዝቃዛ ጀምረሽ እሳቱን ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ከፈላ በኋላ በለስላሳ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ። ትኩሱን እንዳታወጪ፣ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይብረድ። ስታርቹ ገብቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ከዚያ አጥበሽ በደንብ አድርቂ።

ጠያቂ
ቀድሞ የገባውስ ቢጫ? ደግሞ ቡናማዎቹ ምንም አልሆኑም፣ ለምን?

ሸክላ ወዳጅ
ቡናማዎቹም መጥጠው ይሆናል፣ ቀለሙ ሸፍኖልሽ ነው እንጂ። ብረት ያለበት ቅብ ነው፣ ነውር አያጋልጥም። ነጮቹን ከማሟሸትሽ በፊት በኦክሲጅን የሚያነጣውን ዱቄት (ሶዲየም ፐርካርቦኔት) ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ ዘፍዝፊያቸው። መቶ የን ሱቅ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ እየቀያየርሽ አለቅልቂ። የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ እርድ ፀሐይ አይችልም፣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

የሚያፈሰውን ጎድጓዳ ሁለቴ አሟሺው። ካልተወ ለቆሎ ይሁን።

የሳጋው
እኔ ግን እላለሁ፣ በየቀኑ ወጥ የሚበላ ሰው ፖርሴሊን ይግዛ። እኔ ያለሁበት አሪታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ጎረቤቷ ሃሳሚ ደግሞ ለዕለት ማዕድ የሚሆነውን በተሻለ ዋጋ ትሸጣለች። ከተፈጨ ድንጋይ ተሠርቶ በ1,300 ዲግሪ ገደማ ስለሚቃጠል ውሃም ዘይትም አይመጥም። ማሟሸት የለ፣ ጣጣ የለ። ስስ የሆነውን ወደ ብርሃን ብታነሺው የጣትሽ ጥላ በማዶ ይታያል። ማይክሮዌቭም ይችላል፣ የወርቅ ወይም የብር ቅብ ያለበት ካልሆነ በቀር፤ ያ ብልጭታ ያወጣል።

የጓዳዋ
ወንድሜ፣ ስስ የአሪታ ጎድጓዳ ትኩስ ሾርባ ይዞ በእጅ አይነካም! ማሺኮ ደግሞ ሸክላ ሠሪው ሃማዳ ሾጂ በ1924 እ.ኤ.አ. ሄዶ ሳይከትምበት በፊትም የውሃ ማሰሮና የጓዳ ዕቃ የሚሠራበት አገር ነበር። ሊበላበት እንጂ ሊታይ አልተሠራም።

አንድ ነገር ብቻ ልመዱ፦ ምግብ ከማቅረባችሁ በፊት ሰሃኑን ጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ አቆዩትና ጥረጉት። ቀዳዳው ውሃ ከጠጣ ለዘይቱ ቦታ አይኖረውም። ወጡን አሳድሮ ፍሪጅ መክተት የለም። ከታጠበ በኋላም መቀመጫውን ወደ ላይ ገልብጦ ማሳደር ነው፤ እርጥቡን ደራርበሽ ቁም ሳጥን ከዘጋሽበት ይሻግታል።

ለጠረጴዛሽ፣ ቅብ ያልነካውን የመቀመጫ ጠርዝ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አርጥበሽ ፈትጊው። የማሺኮ ጭቃ አሸዋ አለው፣ የሚቧጭረው እሱ ነው።

ጠያቂ
ተባረኩ። የአንዱ ሰሃን ጠርዝ ተሸርፏል፤ የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ቀለም የሚጠግኑበት ኪት አይቻለሁ፣ ልግዛ?

ሸክላ ወዳጅ
ጥንቅሩን አንብቢ። ኤፖክሲ (ሰው ሠራሽ ሙጫ) ከሆነና ለምግብ ይሆናል ብሎ ካልጻፈ ለአበባ ማስቀመጫ ነው። እውነተኛው፣ ከዛፍ የሚወጣው የኡሩሺ ሙጫ ደግሞ ሳይደርቅ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያስፈልግሻል፤ ጥገናውም ሳምንታት ይፈጃል። ሽራፊው ትንሽ ከሆነ በዚያው በብርጭቆ ወረቀት ስለቱን አጥፍተሽ ዳቦ ብዪበት።