ኮክሌር ኢምፕላንት ካደረግሁ 11 ሳምንት ሆነኝ፤ ድምፅ ይሰማኛል፣ ንግግር ግን አይገባኝም

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የመስማት ችሎታዬ ለ6 ዓመታት እየደከመ ሄዶ የመስሚያ መሣሪያም አልረዳ ሲለኝ በቀኝ ጆሮዬ ኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚተከልና ማይክሮፎን ያለው የውጭ ክፍል ያለው መሣሪያ፣ ተደረገልኝ። መሣሪያው ከተከፈተ ወዲህ የበር መንኳኳት፣ የባጃጅ ጥሩንባና የዝናብ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሰው ሲናገር ግን እየተናገረ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ ቃሉ አይጨበጥልኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ነው። ዱዓ ሲደረግ እንኳ «አሚን» የምለው የሌሎቹን እጅ እያየሁ ነው። በዚያ ላይ ሂጃቤ ማይክሮፎኑን በነካው ቁጥር ይንሿሿብኛል። ይህ ሁሉ በጊዜ የሚስተካከል ነው ወይስ እኔ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ከወልድያ

እህቴ፣ አይዞዎት። እኔ ለሳንባ ነቀርሳ በተወጋሁት መርፌ ምክንያት መስማት አቁሜ መሣሪያውን ካስተከልሁ 4 ዓመት አልፎኛል። በመጀመሪያው ወር የባለቤቴን ድምፅ ከልጄ ድምፅ መለየት አልችልም ነበር፤ ሁለቱም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበሩ።

የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ከጥቂቱ መጀመሬ ነው። ልጄ በየምሽቱ ለግማሽ ሰዓት በመሣሪያው በኩል ከጎኔ ትቀመጥና፣ አፏን ሳላይ፣ አስቀድመን ከተስማማንባቸው ቃላት አንዱን ትጠራለች፤ እኔም የሰማሁትን እደግማለሁ። ቃላቱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች ነበሩ፤ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ። ሐይቅ አጭር ስለሆነ ወዲያው ተለየልኝ፤ ውጫሌና ውርጌሳ ግን ሁለት ሳምንት ፈጁብኝ። እነዚህ ሲለዩልኝ ከተማውን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ታስገባው ጀመር፤ በመጨረሻም ስለ ምን እንደምታወራ ሳትነግረኝ ታወራኛለች። ብቻዬን ስሆን ደግሞ በድምፅ የተቀዳ ንባብ እየሰማሁ ጽሑፉን በዓይኔ እከተላለሁ።

ቡናው ጋ ሲቀመጡ ጀርባዎን ለግድግዳ፣ ቀኝ ጆሮዎን ለሰዎቹ ይስጡ። ሙቀጫው ሥራውን እስኪጨርስ ንግግር ለመከታተል አይድከሙ። ሲያመልጥዎት ደግሞ «ምን አላችሁ?» ከማለት «ወሬው ስለ ምን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ጉዳዩን ካወቁ ቃሉ ግማሽ መንገድ መጥቶ ያገኝዎታል።

መልስ፦ ከደሴ፣ የመስማት ሕክምና ባለሙያ

የወልድያው ወንድማችን በልምድ የደረሱበትን ነገር ምክንያቱን ልጨምርበት። በጤናማ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉት የውስጥ ፀጉር ሴሎች 3,500 ያህል ሲሆኑ፣ መሣሪያው ይህን ሥራ እንደ አምራቹ ከ12 እስከ 22 በሚደርሱ ኤሌክትሮዶች (ነርቩን በኤሌክትሪክ በሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ነጥቦች) ለመሸፈን ይሞክራል። ስለዚህ ወደ አንጎል የሚደርሰው ድምፅ ሻካራ ነው፤ አንጎልም ይህን እንደ አዲስ መማር አለበት፤ ይህም በአብዛኛው ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

የድምፅ ርዝማኔና ምት ግን በደንብ ያልፋል። ለዚህም ነው «ገና» ጠብቆ በዓሉን፣ ላልቶ ደግሞ ያልደረሰውን ነገር ሲያመለክት ልዩነቱ ቶሎ የሚያዘው። በአንጻሩ «በራ»፣ «ደራ» እና «ገራ» የሚለያዩት አፍ ውስጥ በሚዘጋው ቦታ ብቻ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ይምታታሉ። «በራ»ን ከንፈር ያሳይዎታል፤ የቀሩትን ዓረፍተ ነገሩ ይነግርዎታል፤ የተነሣው ገበያ ከሆነ «ደራ» ነው። በልምምድ ሰዓት አፍ አይመልከቱ፤ በኑሮ ግን ያለ ሐሳብ ይመልከቱ። የተምታቱብዎትን ቃላት በደብተር ይመዝግቡና መሣሪያው ሲስተካከል ለባለሙያው ያሳዩ፤ «አይገባኝም» ከሚለው ቃል ይልቅ ያ ዝርዝር እጅግ ይረዳል።

ሂጃቡን በተመለከተ፣ ቀጭንና ለስላሳ ጥጥ ይምረጡ፤ ከሥር በሚለብሱት ቆብ ላይም ማይክሮፎኑ የሚታይበት ቀዳዳ ያሰፉ። የመሣሪያውን የውጭ ክፍል ነቅተው እስካሉ ድረስ አያውልቁ። ሌሊት እርጥበት በሚመጥ ሳጥን ውስጥ ያኑሩት፤ መብራት የሚጠፋበትንም ቀን አስበው ሁለተኛ ባትሪ ሞልተው ያስቀምጡ።

ጠያቂዋ፦ ከኮምቦልቻ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። ትናንት ማታ ታናሽ እህቴ የከተሞቹን ስም ስትጠራልኝ ከ10 ጊዜ 6ቱን አገኘሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ በመውሊድ መንዙማ ሲባል ከበሮው ይደርሰኛል፣ ዜማው ግን ይበታተናል። ይህስ ይመለሳል?

መልስ፦ ከወልድያ

ከበሮው ምት ስለሆነ ቀድሞ ይመጣል። ከልጅነትዎ በቃል የሚያውቁትን አንድ መንዙማ መርጠው፣ አንድ ሰው ብቻ ያለ ከበሮ ያዚምልዎት፤ ግጥሙን ስለሚያውቁት ዜማውን ልብዎ ይሞላዋል። እኔ ዛሬ የዘፈን ግጥም እከተላለሁ። የአምባሰልን ቅኝት ከባቲ ቅኝት ለመለየት ግን የድምፁን ከፍታና ዝቅታ አጥርቶ መስማት ስለሚጠይቅ እስከ አሁን አልቻልሁም፤ አሁንም በየምሽቱ እሞክራለሁ።