«አጋላጭ» ከ«መንስኤ» በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። እዚህ አዳማ አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «ለደም ግፊት አጋላጭ ሁኔታዎች» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ጨው፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ በቤተሰብ መኖር እያለ ይዘረዝራል። «መንስኤ» ብለው ቢገላገሉ ምን ነበረበት? ደግሞስ ዕድሜ እንዴት በሽታ ያመጣል?

መልስ፦ ዕድሜ አያመጣም፤ ያጋልጣል። ገላጣ ሜዳ ላይ የቆመን ሰው ዝናብ ቶሎ ያገኘዋል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ሜዳው አይደለም። «አጋላጭ»ም የመታመምን ዕድል ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው። መንስኤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሲጋራ ለሳንባ ካንሰር ሁለቱንም ነው።

ምሳሌው እኛው አገር አለልህ፤ የበለዘ ጥርስ። መንስኤው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ተጋላጩ ደግሞ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ሕፃን ነው። ካደገ በኋላ ወንጂ ለሥራ የገባ ሰው ያንኑ ውኃ ቢጠጣ ጥርሱ አይበልዝም። (አጥንቱን ግን ለዓመታት ከጠጣ ሊጎዳው ይችላል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) ውኃው አንድ፣ መንስኤው አንድ፤ ተጋላጭነቱ ግን ለየቅል።

ሌላ አባል፦ «risk factors» የሚለውን እንግሊዝኛ «የአደጋ ምክንያቶች» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። እኔማ ስሰማው ትዝ የሚለኝ የፍጥነት መንገዱ ላይ የተገለበጠ ሲኖትራክ ነው! «አጋላጭ» ይሻላል። የእንግሊዝኛውን አባባል በሕክምናው ዓለም ያስለመዱት አሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነዋሪዎችን ልብ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ናቸው። 1961 ላይ ባወጡት ጽሑፍ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ለልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳዩ።

ጠያቂው፦ አያቴ ዕድሜ ልካቸውን አጭሰው ሳንባቸው ምንም አልሆነም። ይኼስ?

መልስ፦ ዕድል አልን እንጂ ፍርድ አላልንም። ብዙ አጫሾችና ብዙ የማያጨሱ ሰዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። አንድ አያት አያፈርሰውም፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ጠያቂው፦ እና «ተጋላጭ ነህ» ቢሉኝ ታመሃል ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። «የደም ግፊትህን ተለካ» ማለት ነው። በተለያየ ቀን ተለክተህ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን «ተጋላጭ» መባሉ ቀርቶ «የደም ግፊት አለብህ» ትባላለህ።