የ3ኛ ክፍል ልጆችን ስለ ኤአይ ከየት ጀምሬ ላስተምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) እንዳስተምር ተመድቤያለሁ፤ ኮድ ብዙም አልችልም። "ኤአይ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ አንዷ ልጅ "ስልክ ውስጥ ያለ ሁሉን የሚያውቅ ሰውዬ ነው" አለችኝ። መልሷ አሳሰበኝ። ቻትቦት (ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ የኤአይ ፕሮግራም) እያሳየሁ ልጀምር ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ 1
እህቴ፣ በቻትቦት አትጀምሪ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ የኤአይ መሣሪያዎችን ክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን መክሯል። ደግሞ ልጅቷ ጠይቃ አቀላጥፎ ሲመልስላት "ይኸው፣ ሁሉን ያውቃል" ማለቷ አይቀርም።

እኔ የምጀምረው በጉግል "ቲቸብል ማሽን" ነው፤ ካሳየነው ፎቶ ተምሮ ዕቃዎችን የሚለይ ፕሮግራም የሚሠራበት ድረ-ገጽ ነው። ነፃ ነው፣ ኮድ አይጠይቅም፣ ካሜራ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ልጆቹ እርሳስና ላጲስ ካሜራው ፊት እያገላበጡ ፎቶ ያነሳሉ፣ ለየብቻ ስም ይሰጣሉ፣ ያሠለጥኑታል። እኛ ክፍል እርሳሶቹ ሁሉ ቢጫ፣ ላጲሱ ሰማያዊ ነበር። አንዱ ልጅ ሰማያዊ እርሳስ ሲያሳየው "ላጲስ" ብሎ ቁጭ! ክፍሉ ተንጫጫ። "ለምን ተሳሳተ?" ስላቸው ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ "ሰማያዊ እርሳስ አላሳየነውማ!" አለች። ወዲያው ሰማያዊ እርሳሶች ለቃቅመው ፎቶ ጨመሩና እንደገና አሠለጠኑት። ያን ቀን ከዚህ በላይ ማስተማር አላስፈለገኝም።

መልስ 2
ኮምፒውተር ባይኖርም ይቻላል። አንድ ልጅ "ማሽን" ይሁን። ሌሎቹ የእንስሳት ሥዕሎችን "ወፍ" እና "ወፍ ያልሆነ" ብለው ለሁለት ይከምሩለት፣ ደንቡን ግን አይንገሩት። ከዚያ የሌሊት ወፍ ሥዕል ስጡት። ክንፍ አይቶ "ወፍ" ካለ፣ የትኛው ሥዕል ጎድሎበት እንደተሳሳተ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉ።

መልስ 3
ቃላት ላይም ጠንቀቅ በይ። "ያውቃል"፣ "ያስባል" ከማለት "ካየው ተነስቶ ይገምታል" ብትያቸው ይሻላል፤ ልጅ የሰማውን ነው የሚይዘው። ካሜራውን ደግሞ ዕቃ ላይ እንጂ ፊታቸው ላይ አታድርጊው። ቲቸብል ማሽን በፎቶዎቹ የሚሠለጥነው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ሥራውን ጉግል ድራይቭ ላይ ካላስቀመጥሽው በቀር ፎቶዎቹ ከዚያ አይወጡም። ቢሆንም የልጅ ፊት ባይገባበት ይመረጣል።

ጠያቂዋ
በጣም አመሰግናለሁ! ሰኞ በእንስሳት ሥዕሎቹ እጀምራለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እርሳስና ላጲስ። የመጀመሪያዋ አሠልጣኝ ያቺ "ሰውዬ ነው" ያለችኝ ልጅ ትሆናለች።