የዋሽንግተን ስቴት ምርጫ፦ በአማርኛ በራሪ ወረቀት ላይ የከፋዩን ስም መጻፍ ግዴታ ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከሲያትል በስተደቡብ ነው። ለከተማ ምክር ቤት ለሚወዳደር ያገራችን ልጅ በአማርኛ በራሪ ወረቀት ልናዘጋጅለት አስበናል። ማተሚያ ቤት ያለው ጎረቤታችን በነጻ አትማለሁ ብሏል። በእድራችን ስብሰባ ላይ ደግሞ መዝገብ ዞሮ 38 ሰዎች ሃያ ሃያ ዶላር አዋጡ፤ 760 ዶላር ሆነ። ሰብሳቢው ገንዘቡን ጠቅልለው በራሳቸው ቼክ ሊሰጡ ነው። ካዋጡት አንዱ በተማሪ ቪዛ ያለው የእኅቴ ልጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንጻፍ? ልጁን ለጣጣ እንዳንዳርገው ፈርቻለሁ።

የዘመቻ ሒሳብ ያዥ፦ እኅቴ፣ ከወረቀቱ በፊት ቼኩን አስቁሚው። የ38 ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው ስም ሲገባ እውነተኞቹ ሰጪዎች ይደበቃሉ፤ ሕጉ የሚከለክለውም ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለስና እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ለዘመቻው ይስጥ። ለእኛ አንድ ላይ ማዋጣት ወግ ነው፤ የለቅሶውም የሠርጉም ወጪ የሚሸፈነው በዚያው ነው። እዚህ ግን ማን ለማን ስንት እንደሰጠ ሕዝብ እንዲያይ በ1972 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ አለ።

የእኅትሽ ልጅ ሃያ ዶላሩን ይውሰድ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የሌለው ሰው ለከተማ ምርጫም ቢሆን ገንዘብ መስጠት በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። ያለ ክፍያ ወረቀት ማደል ግን ይችላል። እድራችሁ ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ ከተመዘገበ ደግሞ ዕጩ መደገፍ ጨርሶ አይችልም፤ መዋጮው በስብሰባው ላይ መዞር አልነበረበትም።

ማተሚያ ቤት ያለሁ፦ ነጻ ኅትመት እንደ ስጦታ ይቆጠራል፤ በገበያ ዋጋው ተተምኖ ይመዘገባል። የሚሻለው ዘመቻው ራሱ ቢከፍል ነው። ያኔ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከፋይ» ብለው የዘመቻውን ስምና አድራሻ ያስቀምጣሉ። የፊደሉ መጠን ከ10 ነጥብ ወይም ከትልቁ ፊደል አንድ አሥረኛ ማነስ የለበትም፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። «ምረጡ» የሚለውን በ140 ከጻፉ ከፋዩ በ14 ይሆናል ማለት ነው። እኔ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲጻፍ እመክራለሁ። ጎረቤትዎም ማን እንዳሳተመና ስንት እንደከፈለ መዝግቦ መያዝ፣ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ማሳየት አለበት።

የሬዲዮ አዘጋጅ፦ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የምርጫ ማስታወቂያ መረጃ ለጠየቁት በአግባቡ ባለመስጠቱ በ2022 የኪንግ ካውንቲ ዳኛ 24.6 ሚሊዮን ዶላር ቀጥተውታል። እኛም በሳምንት አንድ ሰዓት ለምናሰራጨው የአማርኛ ፕሮግራም ለዚሁ የተለየ መዝገብ ከፍተናል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቼኩ ገና አልተሰጠም ነበር። ትናንት ማታ ከሰብሳቢው ጋር ተቀምጠን መዝገቡን እያየን ገንዘቡን በ38 ፖስታ ከፋፈልነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ በየግቢው የሚተከለው ሰሌዳም የከፋይ ስም ያስፈልገዋል?

የዘመቻ ሒሳብ ያዥ፦ ከ4 በ8 ጫማ ካልበለጠ አያስፈልገውም። ወጪው ግን ይመዘገባል፤ ደረሰኙን ለዘመቻው ሒሳብ ያዥ ስጪ።