የሮልስ ሮይስ ታሪክ ተምታታብኝ፤ እንግሊዛዊ ነው ጀርመናዊ? አግዙኝ

ጥያቄ (ከ«ቪዲዮ ሠሪው»)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሮልስ ሮይስ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ጽሑፉን ጨርሼ ለሦስት ጓደኞቼ አስነበብኩ። ሦስቱም አረሙኝ። ችግሩ እርማታቸው አይገናኝም። አንዱ «የቢኤምደብሊው ነው» አለ። ሁለተኛው «የገዛው ቮልስዋገን ነው፣ እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው ድርጅት ራሱ ነው፣ መኪናው የጎን ሥራው ነው» አለኝ። ማንን ልመን?

ሌላው፣ «የዓለም ምርጥ መኪና» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ተፈትኖ ነው ወይስ የማስታወቂያ ወሬ ነው?

ሦስተኛ፣ ጽሑፌ ውስጥ ሁለት ታሪኮች አስገብቻለሁ። አርማው ላይ ያሉት ሁለቱ «አር» ፊደላት ከቀይ ወደ ጥቁር የተቀየሩት ሮይስ ሲሞት ለሐዘን ነው የሚለው አንዱ ነው። ሌላው፣ የህንድ ማሃራጃ ሻጮቹ ስለናቁት መኪኖቹን ገዝቶ ቆሻሻ ሰበሰበባቸው የሚለው ነው። ልያዛቸው ወይስ ልጣላቸው? ሐሙስ ቀረጻ አለብኝ፣ በናታችሁ ቶሎ።

መልስ (ከ«ፋይል ቁጥር 7»)

ወንድሜ፣ ሦስቱም ጓደኞችህ ልክ ናቸው። የሳቱት ዓመቱን ነው።

ከ1906 እስከ 1971 አንድ ድርጅት ነበር፤ መኪናም የአውሮፕላን ሞተርም ይሠራል። በ1971 የካቲት ወር ከሰረ። ያከሰረው መኪናው አይደለም። ለሎክሂድ ትራይስታር አውሮፕላን የሚሠራው አርቢ 211 የሚባል ሞተር ወጪው ከታሰበው በላይ ናረበት። የእንግሊዝ መንግሥት የሞተሩን ክፍል ወረሰው፣ ምክንያቱም የጦር አውሮፕላኖችም የሚሄዱት በዚሁ ድርጅት ሞተር ነበር። መኪናው በ1973 ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስም እንጂ ቤት አይጋሩም። ሦስተኛው ጓደኛህ እዚህ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

የመኪናውን ክፍል በ1980 ቪከርስ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ገዛው። ቪከርስ በ1998 ሲሸጠው ቮልስዋገን 430 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ቢኤምደብሊውን በጨረታ አሸነፈ። ክሩ ከተማ ያለውን ፋብሪካ፣ ቤንትሊ የሚባለውን ሌላውን የመኪና ስም፣ የፊት ፍርግርጉን ቅርፅና ኮፈኑ ላይ የምትቆመውን ትንሽ የሴት ቅርፅ፣ «ሴትዮዋን»፣ አገኘ። ሁለተኛው ጓደኛህ ይህንን ነው የሰማው።

አሁን ቀልዱ ይመጣል። «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም የቪከርስ ንብረት አልነበረም። ስሙ የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ነው። እሱ ደግሞ ከቢኤምደብሊው ጋር በሥራ የተወዳጀ ነበርና ስሙንና የሁለቱን «አር» አርማ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢኤምደብሊው ሰጠ። ቮልስዋገን ቤቱን ገዝቶ በሩ ላይ ያለው ስም የጎረቤት ሆነበት።

ቪዲዮ ሠሪው

ቆይ ቆይ። አንዱ ሴትዮዋን ይዞ፣ ሌላው ስሙን ይዞ እንዴት ነው መኪና የሚሸጠው?

ፋይል ቁጥር 7

አይሸጥም፤ ለዚህ ነው የተስማሙት። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ክሩ ፋብሪካ ለሚሠሩት አዳዲስ ሞዴሎች ሞተር የሚያቀርበው ቢኤምደብሊው ነበር። ስለዚህ ቮልስዋገን ብዙም ሊፎክር አልቻለም። ስምምነቱ እስከ 2002 መጨረሻ ክሩ ላይ ሁለቱም ስም ይሠራ፣ ከዚያ ሮልስ ሮይስ ሴትዮዋንም ፍርግርጉንም ይዞ ወደ ቢኤምደብሊው ይሂድ፣ ቤንትሊ ከነፋብሪካው ለቮልስዋገን ይቅር የሚል ነበር። ቢኤምደብሊው በደቡብ እንግሊዝ ጉድውድ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራ። እዚያ የሠራውን የመጀመሪያ መኪና፣ ፋንተም የሚባለውን ሞዴል፣ ለገዢው ያስረከበው በ2003 ጥር 1 ቀን ነው።

ለቪዲዮህ፦ ባለቤቱ ጀርመን፣ የሚገጣጠመው እንግሊዝ። በቃ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደባልቅ።)

መልስ (ከ«አሮጌ መፍቻ»)

ልጄ፣ ጽሑፍህ ስለ ባለቤት ብቻ እንዳይሆን። ሰው መኪናውን የወደደው በባለ አክሲዮኑ አይደለም።

ሄንሪ ሮይስ የድሃ ልጅ ነው። በ1863 ተወለደ። አባቱ የሞቱት ገና 9 ዓመቱ ሳለ ነው። ጋዜጣ ሸጧል፣ የቴሌግራም መልእክት አድርሷል። አክስቱ ከፍለውለት ባቡር ድርጅት ውስጥ ሙያ መማር ጀመረ፣ ግን ሳይጨርስ ገንዘቡ አለቀ። በኋላ ማንችስተር ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ሱቅ ከፈተ። አንድ አሮጌ ደካቪል የምትባል የፈረንሳይ መኪና ገዛና አሠራሯ አልጥም አለው። ፈታታት፣ ያልወደደውን ለወጠ፣ መጨረሻ ላይ «ራሴ ብሠራ ይሻላል» አለ። በ1904 የራሱ መኪና ወጣች።

ቻርልስ ሮልስ ሌላ ዓለም ነው። የባላባት ልጅ፣ ካምብሪጅ የተማረ፣ ለንደን ላይ ከውጭ የመጡ መኪኖች የሚሸጥ። የሚቆጨው ከሚሸጣቸው ውስጥ የሚያኮራ የእንግሊዝ መኪና አለመኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 4 ቀን ማንችስተር ሚድላንድ ሆቴል ተገናኙ። የሮይስን መኪና ነድቶ ሲያይ የሠራኸውን ሁሉ እኔ ልሽጥልህ አለው።

እኔ መካኒክ ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። በ1965 የወጣውን ሲልቨር ሻዶ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ባትጠይቀኝም። ፍሬኑና የኋላውን ከፍታ የሚያስተካክለው ነገር በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ሀይድሮሊክ ነው፣ ፈቃዱ ከሲትሮዌን የተገዛ። ሻዶ የራሱ የፍሬን ዘይት አለው። በ1980 የመጣው ሲልቨር ስፒሪት ደግሞ ማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ሁሉ ይበላበታል። አንድ ባለ መኪና «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ሞልቶ አመጣልኝ። ለሁለት ወር ከመኪናው ሥር ነበርኩ። አሮጌ ሮልስ ርካሽ የሚሆነው እስክትገዛው ድረስ ነው።

ቪዲዮ ሠሪው

ጋሼ እናመሰግናለን! የዘይቱን ነገር አስገባዋለሁ። ግን «የዓለም ምርጥ» የሚለውስ?

መልስ (ከ«ሰረዟ»)

እኔ ልመልስ፣ ስሜንም ያወጣሁት ከዚሁ ታሪክ ነው። ክሎድ ጆንሰን የሚባል የሮልስ ሸሪክ ነበር፣ የንግዱን ሥራ የሚመራ። እንግሊዞች በሮልስና በሮይስ መካከል ያለችው ሰረዝ እሱ ነው ይላሉ። ለእኔ የታሪኩ ዋና ሰው እሱ ነው።

በ1906 ሮይስ 40/50 የሚባል ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሰባት ሊትር ሞተር ያለው መኪና አወጣ። የዚያን ጊዜ ባለ ስድስት ሞተሮች ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የሮይስ ግን ጸጥ ያለ። ጆንሰን ይህን አየና «አምኑኝ» ብሎ ከመለፈፍ ሕዝቡ ፊት ሊፈትነው ወሰነ። አንዱን መኪና ብርማ ቀለም አስቀባ፣ ብረቶቹን በብር አስለበጠ፣ ሲልቨር ጎስት አለው። «የብር መንፈስ» እንደ ማለት፣ ሲሄድ ስለማይሰማ። በ1907 በሮያል አውቶሞቢል ክለብ ተቆጣጣሪዎች ፊት 15,000 ማይል ያህል ተነዳ። ወደ 24,000 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ለንደንና ግላስጎው መካከል ሲመላለስ ነበር። መንገድ ላይ ሳይታሰብ የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቤንዚን ቧንቧዋ መዝጊያ በንዝረት ተዘግቶ። መጨረሻ ላይ ክለቡ ፈታቶ መረመረው። ያረጁትን ዕቃዎች ለመቀየር የተጠየቀው 2 ፓውንድ ከምናምን ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ሁለቱም ነው። ማስታወቂያ ነበር፣ ግን የተፈተነ ማስታወቂያ። በዚያ ዘመን መኪና ገዝቶ ከሰፈር ወጥቶ መመለስ ራሱ ጀብዱ እንደነበር አትርሳ። ሌሎቹ ፍጥነት ሲሸጡ እነዚህ «አይቆምብህም» የሚለውን ሸጡ።

ጸጥታው ደግሞ ቆይቶም ስም ሆነላቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ኦጊልቪ የጻፈው ማስታወቂያ በሰዓት 60 ማይል ሲነዳ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው ይላል። እስከ ዛሬ ማስታወቂያ የሚማሩ ሰዎች ይጠቅሱታል። የፈረስ ጉልበቱን ሲጠየቁም ለብዙ ዓመት «በቂ ነው» ብቻ ነበር መልሳቸው። ጉራ ካልክ ጉራ ነው፣ ግን ያምርባቸዋል።

መልስ (ከ«ማስረጃ የት አለ»)

ስለ ሁለቱ ታሪኮች።

የፊደሉን ቀለም ከነሐዘኑ ጣለው። ሮይስ የሞተው በ1933 ነው፣ ለውጡም በዚያው አካባቢ ስለሆነ ሰው ገጣጠመው። ለውጡን የፈቀደው ራሱ ሮይስ ነው፣ በሕይወት እያለ። ምክንያቱም በጣም ተራ ነው፦ ቀዩ ከአንዳንድ ደንበኞች የመኪና ቀለም ጋር አልሄድ አለ። ያኔ ፋብሪካው የሚሸጠው ሻንሲና ሞተር ነበር፤ ቦዲውን ደንበኛው ሌላ ቤት ያሠራል፣ ቀለሙንም ይመርጣል።

የማሃራጃው ታሪክ ደግሞ የንጉሡ ስም በተራኪው ቁጥር ይለዋወጣል። አንዱ የአልዋር ይላል፣ ሌላው የፓቲያላ፣ ሌላው የሃይደራባድ። አንድ ክስተት ሦስት ባለቤት ካለው ተረት ነው። ከፈለግክ «ተረት ነው» ብለህ ንገራቸው፣ ተረቱ ራሱ ደስ ይላል።

አሳዛኝ እውነተኛ ታሪክ ከፈለግክ አለልህ። ሮልስ በ1910 ሰኔ ላይ የእንግሊዝን ባሕር ወሽመጥ ሳያርፍ በአውሮፕላን ደርሶ መልስ ተሻገረ፣ የመጀመሪያው ሰው። በወሩ ሐምሌ 12 በርንማውዝ ላይ የአውሮፕላኑ ጭራ ተሰበረና ተከስክሶ ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። ኮፈን ላይ ያለችው ሴትዮ የመጣችው በ1911 ነው፤ ቀራጩ ቻርልስ ሳይክስ ነው። ስለዚህ ሮልስ አላያትም። ብዙ ቪዲዮ ላይ ይህ ይሳሳታል።

መልስ (ከ«መጋረጃውን ግለጡት»)

እኔ ቅር የሚለኝ አለ። የዛሬው ሮልስ ሮይስ መጋረጃ የተሰቀለበት ቢኤምደብሊው ነው። ፋብሪካው የ2003፣ ሞተሩ የቢኤምደብሊው፣ የቀደመውን ሥራ የሚያውቁት ሠራተኞች ክሩ ቀሩ። ቀጣይነቱ የት ላይ ነው? እውነተኛው ወራሽ ቤንትሊ ነው።

አሮጌ መፍቻ

ወዳጄ፣ ንጹህ የነበረበትን ቀን ንገረኝ። ሻዶ ያልኩት መኪና ሀይድሮሊኩ ፈረንሳይ፣ ማርሹ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ቤንትሊ ቲ የሚባለውም ያው ሻዶ ነው፣ ፍርግርጉና አርማው ተቀይሮ። ቤንትሊን ራሱ ሮልስ ሮይሶች የገዙት በ1931 ሲከስር ነው። ሮይስም ቢሆን የጀመረው የሰው መኪና አሻሽሎ ነው።

ፋይል ቁጥር 7

ለ«መጋረጃው» ግማሹን እሰጠዋለሁ። በ2009 የመጣው ጎስት የሚባለው ሞዴል ከቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ መኪና ብዙ ተበድሯል፣ አይካድም። የ2003ቱ ፋንተም ግን የራሱ የአሉሚኒየም አካል ነበረው፤ ከ2017ቱ ፋንተም ጀምሮ ደግሞ መሠረቱን ለብቻቸው ሠርተዋል። ኩሊናን የሚባለው ሞዴልም የዚያው ልጅ ነው። በ2023 የመጣው ስፔክተር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። የሚገርመው፣ ሮልስ በ1900 የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም፣ ንጹህ ነው፣ የሚጎድለው የመሙያ ጣቢያ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮይስ ከታመመ በኋላ የኖረውና የሞተው ዌስት ዊተሪንግ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። ንድፎቹን ከዚያ ሆኖ ነበር ደርቢ ከተማ ወዳለው ፋብሪካ የሚልከው። ጉድውድ ከዚያ ጥቂት ማይል ነው።

ቪዲዮ ሠሪው

አንጀቴን አራሳችሁት። የፊደሉን ሐዘን አወጣሁት፣ ማሃራጃውን «ተረት» ብዬ ትቼዋለሁ፣ የ1998ቱን ሽያጭ ደግሞ መክፈቻ አደረግኩት፤ ቤቱን ገዝቶ ስሙ የጎረቤት የሆነበት ሰውዬ። ጓደኞቼንም እንዳልከው «ዓመት ብቻ ነው የሳታችሁት» አልኳቸው፣ አሁን ከሦስቱም ጋር ሰላም ነኝ። ጽሑፌ ላይ «ታላቁ ኢንጂነር ሰር ሄንሪ ሮይስ» ብያለሁ፣ ልክ ነው አይደል?

አሮጌ መፍቻ

«ሰር»ው ልክ ነው፣ በ1930 ተሰጥቶታል። «ኢንጂነር» የምትለውን ግን ተወት አድርጋት። እሱ ስለ ራሱ ሲጽፍ «ሄንሪ ሮይስ፣ መካኒክ» ነበር የሚለው።