አባዬ ኮምፒውተር ሊማር ነው፤ በኤንቪዲኤ ከየት እንጀምር?

ጣርማበር ማዶ፦
ሰላም ቤቶች! የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ዓይኑን ግላኮማ ወሰደበት። አሁን «ሬዲዮ ብቻ ሰለቸኝ፣ ስለ መንዝ የጀመርኩትን ጽሑፍ ልጨርስ» ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል። የድሮ ጽሑፉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ ተተይቦ ፍላሽ ላይ አለ። የቤታችን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው፤ አዲሱን ኤንቪዲኤ፣ ማየት ለተሳናቸው ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ ልጭን ስል እምቢ አለኝ። በእኔ ላፕቶፕ ስንሞክረው ደግሞ ድምፁ እንደ ጨረታ አጫራች ይንጣጣል። «ይሄን ሰውዬ ዝም አሰኚልኝ!» ይላል አባዬ። ማውሱን ስይዝለትም ይቆጣል። ምን ላድርግ?

ብርዱ ለመደኝ፦
እሰይ፣ ጎበዝ አባት! ቢቆጡ እውነታቸውን ነው። ማውሱን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። እኔም ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ የምጽፍልሽ በዚሁ በኤንቪዲኤ ነው። የሠራውም ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ነው፣ ማይክል ከራን፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመረው።

መጀመሪያ ዝም ማሰኘቱን ይማሩ። ኮንትሮልን ጫን ሲያደርጉ ንግግሩ ይቆማል። ሺፍት ደግሞ ገታ ያደርገዋል፤ ደግመው ሲጫኑት ካቆመበት ይቀጥላል። ይህችን ከያዙ ሰውዬው አለቃ አይሆንባቸውም።

ከዚያ ኢንሰርትን ይዘው ከላይኛው ረድፍ 1 ቁጥርን ይጫኑ። ከዚህ በኋላ የነኩት ቁልፍ ስሙን ይናገራል እንጂ ሥራ አይሠራም። እንደ ልባቸው ቢደበድቡት ፋይል አይጠፋም። ኤፍና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በጣታቸው ያግኙ፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። አትቸኩዪ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሲበቃቸው ያንኑ ደግመው ይጫኑና ይወጣሉ።

ፍጥነቱን ለመቀነስ ኢንሰርትና ኤን ስትጫኚ ሜኑ ይመጣል፤ ሴቲንግ ውስጥ ስፒች የሚለው ጋ ግቢ። እዚያው ሲንተሳይዘሩን፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ ኢስፒክ ኤንጂ አድርጊና አማርኛን ምረጪ። ማጥበቅና ማላላት ላይ ይደናበራል፣ ድምፁም ቆርቆሮ ነገር ነው። ግን ይለመዳል።

ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው የሚሠራው የኤንቪዲኤ ቅጂ 2023.3.4 ነው። እሱን ፈልጊ።

የመንዝ በግ፦
ሌላው ስክሪን አንባቢ ጆውስ አይሻልም?

ብርዱ ለመደኝ፦
ጆውስ ጥሩ ነው፣ ግን በገንዘብ ነው። ይሄ በነፃ እያለ ጡረተኛን ምን አስወጣው?

ጸሐፊዋ፦
እኔ በትየባ ነው የምተዳደረው። ስለ ፍላሹ ልንገርሽ። በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነገር ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ኤንቪዲኤ ደግሞ ቅርጹን አያይም። ስለዚህ ዝባዝንኬ ያነባል፣ አባባም ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላሉ። ጽሑፉን ገልብጪና ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። ፊደሉ ከተዘበራረቀ ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አማርኛ መሆኑን ወደሚያውቀው አጻጻፍ፣ መቀየር አለበት። ከቀየርሽ በኋላም «ሠ»ና «ሰ»ን፣ ቁጥሮችንም አንድ በአንድ እዪ፤ መቀየሪያዎቹ እዚያ ላይ ይስታሉ።

ጣርማበር ማዶ፦
ኖትፓዱን አሁን ሞከርኩት፣ ዝብርቅርቅ ብሏል። ተባረኪ! ጋሽ ብርዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እኔ ማዶ ቁጭ ብዬ ኤንቪዲኤ የሚለውን ሁሉ ሳልሰማ አባዬን ልረዳው እችላለሁ?

ብርዱ ለመደኝ፦
ትችያለሽ። ከዚያው ሜኑ ቱልስ ውስጥ ስፒች ቪወርን ክፈቺ። የሚናገረው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይታይሻል። እሳቸው በኢርፎን ይስሙ፣ አንቺ በዓይንሽ ተከተዪ። ካልጠየቁሽ ግን አትናገሪ።